ዋሴ አዛናውና የከርከዴው ማኅበር

ኅዳር 18 ቀን 1979 ዓ.ም. ሸሕዲ ስደርስ ወንድሜ ዋሴ አዛናው ከተቀበረ አንድ ቀን አልፎት ነበር። ቤቱ ውስጥ በስተቀኝ ያለውን የጭቃ መደብ ከጓዳው እስከ መግቢያው በር ድረስ ሠርቶ፣ አለስልሶ፣ በእበት ለቅልቆታል። የግራው ግማሽ ላይ ቆሟል። ለቀሪው የተቦካው ጭቃ ጭድ እንደገባበት ከግድግዳው ሥር ደርቋል፤ እጁን ያሳረፈበት ቦታ እስካሁን ይታወቃል። ለቅሶ የመጡ ጎረቤቶች ብቻውን የሚኖር ሰው ሁለት መደብ ምን ያደርግለታል ሲሉ ሰማሁ። መልሱን የሚያውቁት ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚያለቅሱት የማኅበሩ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ለጥር ሚካኤል የማኅበሩ ድግስ ተረኛው ዋሴ ነበር። ሰው የሚያስቀምጥበት አልነበረውምና መደብ እየሠራ ነበር።

ሥራዬ የመዝገብ ሥራ ነው። በመንግሥት እርሻው መዝገብ ውስጥ ዋሴ የተቀጠረበት፣ ከትራክተር የተነሣበትና ወደ ትራክተር የተመለሰበት ቀን ተጽፏል። በጤና ጣቢያው ኅዳር 16 በወባ መሞቱ ተጽፏል። የማኅበሩ ነገር የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ከራሱ አፍ የሰማሁትን፣ ከማኅበሩ ወይዘሮ አገኘሽና ሌሎች የነገሩኝን፣ እኔም ያየሁትን እጽፋለሁ። ያላረጋገጥሁት ሲኖር አላረጋገጥሁም እላለሁ።

የተወለደው እስቴ ነው። እናታችን ዘመኑን የምትቆጥረው ጎተራችን በተቃጠለበት ዓመት ስለሆነ ዕድሜውን በትክክል ማስቀመጥ አልችልም፤ ከአርባ ጥቂት ይበልጥ ነበር። ቆላ የወረደው እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ሌሎቹ አጨዳው ሲያልቅ ተመለሱ፤ እሱ አብደራፊ ቀርቶ ትራክተር መንዳት ተማረ። እርሻው የመንግሥት ሲሆንም እዚያው ነበር። መንበረ የምትባል የሽንፋ ልጅ አገባ። ልጅ አልወለዱም።

መጠጥ መቼ እንደጀመረ ጠይቄው አያውቅም። መቼ እንደባሰበት ግን አውቃለሁ። ሐምሌ 1974 ከቀትር በኋላ፣ ጠጥቶ ሲያርስ ውሎ ትራክተሩን ኾር ለማሻገር ገባ። ኾር በቆላው በበጋ ደረቅ የሆነ፣ በክረምት ባንድ ጊዜ የሚሞላ ወንዝ ነው። መካከል ላይ ሞተሩ ጠፋበት፤ እሱም መሪው ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። ላይኛው አገር ዘንቦ ጎርፉ ሲመጣ ጎትተው ያወጡት ለአረም የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ትራክተሩ እስከ ጥቅምት ድረስ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ከረመ። ዋሴን የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ አደረጉት። በዚያው ዓመት መንበረ ወደ ወላጆቿ ሄደች።

ሳትሄድ ግን ብዙ ሞክራለች። የንስሐ አባቱን ለምና አስገዘተችው። ቄሱ አረቄ ብትቀምስ ብለው ገዘቱት። ዋሴ ግዝቱን አላፈረሰም፤ ጠላ ጠጣ። በጠላ ሲገዘት ጠጅ ጠጣ። ጠጅ ሲከለከል ከሱዳን በኩል የሚመጣውን መሪሳ ይዞ «ይኼ የማሽላ ውሃ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ሰው በቆላው ብዙ ነው። ግዝት ይፈራል፣ የተገዘተበትን አይነካም፣ ሰክሮም ያድራል።

ስለ ማኅበሩ የሰማው በ1976 መጀመሪያ፣ መጋዘኑ በር ላይ ነው። ሰሊጥ የሚጭኑ ሰዎች ሲቀልዱ ነበር።

«ሸሕዲ ጠላ የማይጠመቅበት የሚካኤል ማኅበር አለ አሉ።»

«ታዲያ ሚካኤልን በውሃ ነው የሚዘክሩት?»

«ሰካራሞች ናቸው አሉ፤ የተዉ።»

«የተወ ሰካራም ካለ አሳየኝና እኔም ልተው!»

ዋሴ አልሳቀም። የኅዳር ሚካኤል ለት ፈቃድ ጠይቆ በእርሻው መኪና ሸሕዲ ገባ። የማኅበሩን ቤት ማንን እንደሚጠይቅ አላወቀም፤ መጠየቁም አሳፈረው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሰዎች ዳቦ ተሸክመው፣ ጽዋ ይዘው ሲሄዱ አየና ተከተላቸው። በር ላይ ሲደርስ እንግዳ ነው ብለው እጁን ይዘው አስገቡት፤ አስቀመጡት። ወዲያው ዋንጫ ሙሉ ጠላ ሰጡት።

የገባው ሌላ ማኅበር ነበር፤ እንደ ማንኛውም ጠላ ጠምቆ የሚዘክር። «ምን ልበል?» አለኝ በኋላ። «የማትጠጡት እናንተ ናችሁ ወይ ብዬ ልጠይቅ? ሁሉም ዋንጫውን ይዟል። የሚካኤልን ጽዋ እንዴት እንቢ እላለሁ?» እስኪመሽ ጠጣ። መጠጥ የሚተዉ ሰዎችን ሊፈልግ ሄዶ ደግፈው ወደ መኪናው መለሱት። ይህን ሲያወራ ሰው ይስቅለት ነበር። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ግን ዓይኑን ከመሬት አያነሣም።

በሚቀጥለው ወር ከሚካኤል በፊት ባለው ቀን መጣ። ሽኩር የሚባል የመጋዘን ሠራተኛ ወንድሙ አብዱልሀኪም ሸሕዲ ነጋዴ ስለነበር ዋሴ ዱካኑን ያውቀዋል። ከገበያው ዳር ያለ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ እንደ ሻይ የሚፈላ ቀይ የከርከዴ አበባ፣ ጨርቅና የሱዳን ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። አብዱልሀኪም ገና ሲያየው ጀመረው።

«ያ ዋሴ! በጠዋት በእግርህ ቆመሃል። አመመህ እንዴ?»

«የማይጠጡት ሰዎች የት ነው የሚሰበሰቡት?»

«እኛን ነው የምትለው? መስጊዱ እዚያ ማዶ ነው፤ ግባ።»

«አትቀልድብኝ አብዱልሀኪም።»

አብዱልሀኪም ሚዛኑን አስቀመጠና አየው። «እኔ የሰው ምስጢር አልሸጥም» አለ። «የምሸጠው ከርከዴ ነው። አንዲት ሴትዮ በየወሩ በአሥራ አንድ መጥታ ለአንድ ቤት የሚበዛ ከርከዴ ትወስዳለች። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«በል ማሽላው ላይ ተቀመጥ። ስኳሩ ላይ እንዳትቀመጥብኝ።»

ሴትየዋ ወይዘሮ አገኘሽ ነበሩ። ሸሕዲ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አረቄ ያወጡ ነበር። «አረቄ አውጪ ሳትቀምስ አትሸጥም፤ እኔ የምሸጠው እስኪያልቅ እቀምስ ነበር» ብለውኛል። አንድ ቀን ሰክረው ምድጃው ላይ ወድቀው ግራ እጃቸው ተቃጠለ፤ ጣቶቻቸው እስካሁን አይዘረጉም። ከዚያ በኋላ ጋኑንም መቃውንም ሰባበሩት። መተዉን ቻሉት፤ ብቸኝነቱ ግን ከበዳቸው። የማይጠጣ ሰው በማኅበር፣ በሠርግ፣ በተዝካር ምን ይዞ ይቀመጣል? ስለዚህ የሚቀመጡበትን ማኅበር ራሳቸው መሠረቱ።

«ይኼ የማነው?» አሉ ዋሴን አይተው።

«ፈላጊ ነው» አለ አብዱልሀኪም።

ጠጋ ብለው አሸተቱት። «ዛሬ ቀምሰሃል?»

«ትናንት ነው እትዬ።»

«እንግዲያ ተሸከምልኝ» ብለው ከርከዴውንና ስኳሩን አስታቀፉት። ዋሴ ማኅበሩን ያገኘው እንዲህ ተሸክሞ ነው።

ሥርዓቱ እንደ ሌላው ማኅበር ነው። ተረኛው ዳቦ ይጋግራል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቄሱ ባርከው ይሄዳሉ። ጽዋው የሸክላ ነው፤ ውስጡ ያለው በስኳር የፈላ ቀይ ከርከዴ ነው። ጽዋው የደረሰው ሰው ተጎንጭቶ ወሩን እንዴት እንዳለፈ ይናገራል፤ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። የወደቀ ሰው ካለ ለምን ወደቅህ አይባልም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ከማን ቤት?» ይባላል። የቤቱን ስም ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያን ሰው በዚያ መንገድ ብቻውን አያሳልፉትም፤ የሚሸኘው ይመደብለታል። ሲጨርሱ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል።

ጽዋው መጀመሪያ ሲደርሰው ዋሴ ተጎነጨ። ከዚያ «እኔ ግዝት አፍርሼ አላውቅም» አለ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባፈና የሚባል፣ ለአጨዳ ከወሎ መጥቶ በዚያው የቀረ የቀን ሠራተኛ ጉልበቱን መታ። «ኸረግ የኔ ጌታ! እኛስ አፍርሰን መጣን? እኔ ባምስት ዓይነት የተገዘትሁ ነኝ! የቀረኝ ቡና ነው!»

ዋሴም ሳቀ። ባንድ ቤት ውስጥ፣ ሳይጠጣ፣ ከሰው ጋር የሳቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም ነበር ብሎኛል።

በየወሩ ከአብደራፊ መመላለስ ቀላል አልነበረም። መኪና ይጠፋል፤ አንዳንዴ በድንበሩ ሁኔታ መንገድ ይዘጋል። አምልጦት የሚያውቀው ግን አንድ ሚካኤል ብቻ ነው፤ እሱም በጎርፍ። ሳይቀምስ ዓመት አለፈው። እርሻው ወደ ሸሕዲ መጋዘን ሲያዛውረው ይህችን ቤት ሠራ።

በ1977 የሰሊጥ አጨዳ ካለቀ በኋላ ቀበሌው ወይዘሮ አገኘሽን አስጠራቸው። ያን ጊዜ በድንበር ከተማ ሰው ተሰብስቦ በየተራ ሲናገር የሚጠረጥር ብዙ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ዛሬም በሕይወት ስላሉ ስማቸውን አልጽፍም።

«ምን ትጠጣላችሁ?» አሏቸው።

«ከርከዴ።»

«ምንስ ታወራላችሁ?»

«ስለ መጠጥ።»

«ሳትጠጡ?»

«ሳንጠጣ።»

አጠገባቸው የቆመው አብዮት ጥበቃ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሊቀመንበሩ ግን «ማኅበር ከሆነ ጠላው የታለ?» አሉ። «ጠላ ከሌለው ስብሰባ ነው። ስብሰባ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል።»

ፈቃድ መጠየቅ የአባላቱን ስም መስጠት ነው። ስም መስጠትን ማንም አልወደደም። ስለዚህ ወይዘሮ አገኘሽ ከጎረቤት አንድ እንስራ ጠላ አስጠምቀው በተረኛው ቤት በር ላይ አስቀመጡ። በየሚካኤሉ አብዮት ጥበቃዎቹ ይመጣሉ፣ ቆመው ይጠጣሉ፣ «እንዲህ ነው ማኅበር!» ብለው ይሄዳሉ። የሚቀዳላቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። ከሁሉ የጠና ዋሴ ነው ተባለና እሱን መረጡት። ይህን ስህተት ወይዘሮ አገኘሽ ሲነግሩኝ የተቃጠለ እጃቸውን በሌላው ይዘው ነበር።

ሦስት ሚካኤል ቀዳ። በሦስተኛው ጠላው እጁ ላይ ፈሰሰ። በልብሱ ጠረገው፤ አልቀመሰም። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ሽታው ከእጁ አልለቀቀውም። መንገድ ዳር ካለ አንድ ጠላ ቤት ገባ። በሚቀጥለው ሚካኤል ጽዋውን የሚረከበው ተረኛ እሱ ነበር፤ ሳይመጣ ቀረ። ማኅበርተኞቹ ጥቂት ጠበቁና ጽዋውን ለሚቀጥለው ሰው ሰጡ።

መዘለሉን ሰማ። «ሳልኖር ኖሩ» አለኝ። «እንግዲህ የሚጠብቀኝ የለም አልሁ።» ክረምቱን ሙሉ ጠጣ። ነሐሴ ላይ ሄጄ ያየሁትን አልጽፈውም።

መስከረም 1978 ወይዘሮ አገኘሽ ወፍጮ ቤት አገኙት። ማሽላ ተሸክሞ ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

«ዋሴ።»

«እትዬ።»

«ተራህ ነበር።»

«ዘለላችሁኝ እኮ።»

«ዘለልንህ። ልክ አላደረግንም። ጽዋውን ይዘን ደጅህ መምጣት ነበረብን።» ቀጥለው «ከማን ቤት ነው?» አሉት።

ተናገረ። የቤቱ ስም ሳይሆን «እንስራው ነው እትዬ» ነበር ያለው። «እንስራው ካልተነሣ እኔ አልገባም። እኔ ካልገባሁ ደግሞ እሞታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሳይቀምስ ቀበሌ ሄደ። ስኳር ለመውሰድ የተሰለፈ ሰው ሞልቷል። ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እንስራውን ያስነሱልን።»

«የምን እንስራ?»

«የሚካኤል ማኅበር ጠላ። እርስዎ ያስቀመጡት።»

«ጠጡ ብዬ አዘዝኋችሁ?»

«ጠጡ አላሉም፤ አስቀምጡ አሉ። እኔ የተቀመጠ ጠላ አይቼ ማለፍ አልችልም።»

«ማን ይችላል!» አለ ከሰልፉ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዋሴ አልተንቀሳቀሰም። እዚያ የነበረችው ረቢዓ የምትባል ጎረቤቱ እንደነገረችኝ ፊቱ ላይ ላብ ይወርድ ነበር፤ «ሰካራም ነኝ፤ ሰካራሞች ነን። ሌላ የምንደብቀው የለንም። መጥተው ይዩን» አለ ጮክ ብሎ። ሳቁ ቆመ።

ሊቀመንበሩ የጥቅምት ሚካኤል ለት ብቻቸውን መጡ። በር አጠገብ ተቀመጡ። ጽዋው እየዞረ ሁሉም ሲናገር አዳመጡ። እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ረጅም ጊዜ ያዙት። ተጎነጩ፤ ምንም ሳይናገሩ አሳለፉት። ከዚያ በኋላ አብዮት ጥበቃ አልመጣም፤ እንስራውም ተነሣ። ሊቀመንበሩ ያን ለት ምን ሊናገሩ አስበው እንደነበር አላረጋገጥሁም።

ዋሴ ከዚያ ቀን እስከ ሞቱ አልቀመሰም። ይህን ሦስት ሰዎች ለየብቻ ጠይቄአለሁ፤ ሦስቱም ያሉት አንድ ነው። በሰኔ 1978 እርሻው ትራክተር መለሰለት።

በ1979 የሰሊጥ አጨዳ ላይ ባፈና መጠጥ ላይ ወደቀ። የኅዳር ሚካኤል በወይዘሮ አገኘሽ ቤት ሲዘከር አልመጣም። የታኅሣሥ ተረኛ እሱ ነበር። ዋሴ በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጽዋው ሲጠቀለል አንዱ «ባፈና ይዘለልና ለዋሴ ይሰጥ፤ ቤቱንም እያዘጋጀ ነው» አለ።

«የኔ መደብ ገና ነው» አለ ዋሴ። «ታኅሣሥ የባፈና ነው።»

«ባፈና ያለበትን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ስወድቅ ፈልጉኝ ብሎ ቦታውን ነግሮናል፤ ረሳችሁት እንዴ?»

ወይዘሮ አገኘሽ ግንባሩን ነኩት። «እሳት ሆነሃል። ነገ ጤና ጣቢያ ነው የምትሄደው።»

«ስመለስ እሄዳለሁ እትዬ» ብሎ ጽዋውን ለባፈና ሊያደርስ ተቀበለ።

ታኅሣሥ 12 ባፈና በሽንፋ መንገድ በሚገኝ የሠራተኞች ዳስ ውስጥ ደገሰ። ዳቦው ትንሽ አሮ ነበር። እኔም ተቀምጫለሁ፤ ጽዋው ደርሶኝ ተጎንጭቻለሁ። ከዚህ በታች ያለው ባፈና ያን ለት ጽዋውን ይዞ የተናገረውና አብዱልሀኪም በኋላ የነገረኝ ነው።

ኅዳር 13 ጠዋት ዋሴ ዱካኑ ሄዶ ከርከዴና ስኳር ወሰደ። አብዱልሀኪም ዓይኑ መቅላቱን አይቶ የጠጣ መሰለው፤ ጠጋ ብሎ ሲያሸትተው ምንም የለም። «ወባ ነው፤ ወላሂ ተኛ» አለው። ዋሴ እንቢ ሲለው ዕቃውን በከረጢት አድርጎ ሰጠውና «ከረጢቴን ግን መልስልኝ፤ ማኅበራችሁ ከረጢት ጨረሰብኝ» አለ።

ወደ ሽንፋ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። ባፈና ከተከመረ ሰሊጥ ሥር ተኝቶ ነበር። ጽዋውን ሲያይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«አያ ዋሴ፣ እኔ በዚህ እጄ ልነካው ነው?»

«አትንካው። እዚህ አስቀምጬልሃለሁ። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ሰው ቤትህ ይመጣል።»

«ምን ቤት አለኝ?»

«ይኼ ዳስ ምንድን ነው? ጥረገው።»

«ዝለሉኝ፤ ግድ የለም።»

«እኔን ዘልለውኛል» አለ ዋሴ። «ደግ አይደለም። ከማን ቤት ነው?»

ባፈና ነገረው። ዋሴ ራሱን ነቀነቀ፤ ከርከዴውንና ስኳሩን ባፈና ባቀረበው ቆርቆሮ ገለበጠ፤ ከረጢቱን አራገፈ። ውሃ ጠጣ። ጥቂት ጥላው ላይ አረፈና የሚመለስ መኪና ሲያይ ተነሣ።

ሸሕዲ ሲወርድ ጸሐዩ ሊገባ ነበር። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በቀኝ ነው፤ እሱ ግን ወደ ገበያው ሄደ። አብዱልሀኪም ሊዘጋ ሲል ደረሰ። ዋሴ ከረጢቱን አራት አጥፎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠለት።